ዋሴ ፎሌ ያስገባ ዕለት

ዋሴ በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ጊዜ ጫማ ቀየረ። መጀመሪያ ለሰርግ የሚያደርገውን ጥቁር ጫማ አደረገና ውሃ ያበላሸዋል ብሎ አወለቀው። ቀጥሎ ቦት ጫማ አጠለቀና መስታወት ፊት ቢቆም መስኖ የሚጠልፍ ሰው መሰለው። በመጨረሻ ሰላሳ ዓመት አይሱዙ የነዳበትን፣ የግራው ሶል ፍሪሲዮን ሲረግጥ ተበልቶ ያለቀውን ቡናማ ጫማ ካልጋ ሥር ጎትቶ አወጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጀልባ ልትነዳ ነው ወይስ ልትዳር?» አለችው ባለቤቱ ደመቀች፣ በሩ ላይ ቆማ።

«ዛሬ የሚያየኝ ሕዝብ ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ሕዝቡ የሚያየው ግን ጀልባዋን ነው። ጫማህ እንደሆነ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ነው የሚውለው።»

ዋሴ አልተቀየመም፤ ለመቀየም ጊዜ አልነበረውም። የጥር ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎት፣ የደብረ ብርሃን ሰው አፍንጫውን በጋቢ ሸፍኖ ሲሄድ፣ እሱ ግንባሩን አልቦታል። ዛሬ ኮሚቴው ጀልባዋን የሚረከብበት፣ ዋሴ ይንዳት አይንዳት ቁርጡ የሚታወቅበት ቀን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሰንበሌጥ ሜዳ ከሚባለው ቦታ ላይ የመስኖ ግድብ ከተሠራ አራት ዓመቱ ነው። ግድቡ ለድንቹና ለሽንኩርቱ ደግ ሆነ፤ ቀበሌውን ግን ለሁለት ከፈለው። ከማዶ ያለ ሰው ወደ ጤና ጣቢያው ወይም ወደ ቅዳሜ ገበያ ለመምጣት ውሃውን ሲዞር ሁለት ሰዓት ሙሉ ይሄዳል። ስለዚህ ነዋሪው መከረና ጀልባ ይሠራ ተባለ። አካሏን የሠራት የከተማው ብረት በያጅ ወገኔ ነው። ወገኔ በርና መስኮት፣ ሲበዛም የውሃ ታንከር እንጂ ጀልባ ሠርቶ አያውቅም፤ ግን «ጀልባ ማለት ውሃው ከውጭ የሆነ ታንከር ነው» ብሎ ገባበት። ሞተሯ ከነማርሽ ሳጥኑ፣ ያገለገለ፣ ከባቱ በጭድ ተጠቅልሎ መጣ።

የቀረው የሚነዳት ሰው ነበር። እዚህ ላይ ነው ዋሴ እጁን ያወጣው።

ዋሴ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ሰላሳ ዓመት ሲመላለስ ኖሮ፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ የግራ ጉልበቱ እንቢ ብሎታል። ሐኪሙም ፍሪሲዮን መርገጥ በቃህ አለው። ከዚያ ወዲህ ሥራው በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ መቀመጥ ሆነ። ባስፋልቱ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በድምፁ ማርሹን ይለያል፤ «ይሄ ሦስተኛ ላይ ነው፤ ሁለተኛ ማስገባት ነበረበት» እያለ ለሾፌሩ ሳይሆን ለአላፊ አግዳሚው ይናገራል። ሰላምታ ሊሰጡት የቆሙ ጎረቤቶች ስለ ማርሽ ሰምተው ይሄዳሉ። ሰፈሩ በሌላ መንገድ መዞር ጀምሮ ነበር።

ጀልባ ግን ፍሪሲዮን በእግር አይረገጥባትም። በእጅ የሚገፋ አንድ የማርሽ ማንሻ ብቻ አላት፤ ፊት፣ መሃል፣ ኋላ። ይህን የሰማ ዕለት ዋሴ ዘለለ። በአንድ እግሩ።

አሁን ስለ ፎሌ መነገር አለበት። ፎሌ ማለት ሾፌሮች ማርሹን ባዶ አድርገው መኪናው በራሱ እንዲንሸራተት ሲለቁት ነው። ዋሴ ደግሞ እንደ ሃይማኖት የያዘው አንድ ሕግ ነበረው፤ ፎሌ ነውር ነው። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ሾፌር ፎሌ ሲባል ያማትባል። እዚያ መኪና የሚያዘው በማርሽ ነው። ሲፈጥንብህ ዝቅ ያለ ማርሽ ታስገባለህ፤ ሞተሩ ያጓራል፤ መኪናው ይያዛል። ዋሴ በቁልቁለት ፎሌ ያስገባ ተለማማጅ ካየ እዚያው አውርዶ ደብረ ሲና ድረስ በእግሩ ይሰደው ነበር።

ታዲያ የዛሬ ሳምንት ጀልባዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ላይ አወጣት። ሄደ፤ ዞረ፤ ደስ አለው፤ ወደ ወደቡ እየከነፈ መጣ። ወደብ የሚሉት ሰዎቹ በቀልድ ነው፤ በድንጋይ የተካበ መድረክ ነው። ድንጋዩ ፊቱ ድቅን ሲል ዋሴ በግራ እግሩ የሌለ ፍሪሲዮን ረገጠ፤ በቀኙ የሌለ ፍሬን ረገጠ። ሁለቱም ሲታጡ እጁ የጣርማ በሩን ሥራ ሠራ፤ ማንሻውን በሙሉ ነዳጅ ከፊት ማርሽ አንሥቶ ወደ ኋላ ማርሽ ላጋው። የማርሽ ሳጥኑ እንደተወጋ በሬ አጓራ። ከሳጥኑ ተነሥቶ በጀልባዋ ሆድ አልፎ ውሃ ውስጥ ያለውን ፕሮፔለር የሚያዞረው ዘንግ ተንዘረዘረ። ዘንጉንና ሳጥኑን ከሚያያይዙት አራት ብሎኖች አንዱ ተቆርጦ ተፈናጠረና የወገኔን ባርኔጣ ይዞ ውሃ ገባ።

የኮሚቴው ሊቀመንበር ጋሽ ገብረ ጻድቅ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቁጣውን በዝግታ የሚናገር ሽማግሌ ነው።

«ብሎኑን ወገኔ ይተካዋል» አለ። «ባርኔጣውንም እንተካለን። ሳጥኑ ግን ምትክ የለውም። የዛሬ ሳምንት ማዶ ደርሰህ፣ ተመልሰህ፣ ምንም ሳትሰብር ወደቡ ላይ ካቆምካት ጀልባዋ ያንተ ናት። አንዲት ነገር ከሰበርክ ከባሕር ዳር ሰው እናስመጣለን። አንተም በርህ ላይ ተቀምጠህ መኪናህን ታዳምጣለህ።»

ዋሴን እንቅልፍ የነሳው ይህ የመጨረሻው ነገር ነው።

ያዳነችው አስናቀች ናት። አስናቀች ከወለጋ ተፈናቅላ ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ከተማው ዳር ካለው መጠለያ ነው። በደጉ ጊዜ ፊንጫ ሐይቅ ላይ ሰውና እህል የምታሻግር የሞተር ጀልባ ነበረቻቸው፤ ባሏ መሪውን ይይዛል፣ እሷ ሞተሩን። ባሏ አሁን አዲስ አበባ የቀን ሥራ ላይ ነው። እሷ ወገኔ ዘንድ ብረት ለማቀበል ተቀጥራ ሳለ ያ ሞተር ከጭዱ ሲወጣ አየችው። ቀረበችና መዳፏን ጣለችበት፤ የጠፋ በግ ያገኘ ሰው እንደሚዳብሰው ዳበሰችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞተሩን ከእሷ በቀር የነካው የለም።

«ጋሼ ዋሴ፣ ጀልባ ፍሬን የላትም» አለችው ያን ዕለት፣ ብሎኑ በተቆረጠበት። «መጀመሪያ ነዳጁን ይቀንሱ። ማንሻውን መሃል ያምጡት። ከዚያ እጅዎን ያንሡና ጉልበትዎ ላይ ያድርጉ። ከኋላ የሚነሣው አረፋ እስኪጠፋ አይንኩት። አረፋው ሲከደን ዘንጉ ተረጋግቷል ማለት ነው። ያኔ ኋላ ያስገቡና ቀስ ብለው ነዳጅ ይስጡ። እኛ ዘንድ ሁሉም እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፤ ያላደረገ ሳጥን ይበላል።»

«መሃል ያልሽው ምንድን ነው?»

«መሃል ነዋ። ፊትም ኋላም ያልሆነው።»

«ፎሌ በይኛ!»

«ስሙን እናንተ ታውቃላችሁ።»

«አስናቀች፣ እኔ ፎሌ አላስገባም። እናቴ ከመቃብር ብትነሣ አላስገባም።»

«እንግዲያው በርዎ ላይ ይቀመጣሉ።»

ተለማመደ። ስድስት ቀን ሙሉ፣ ቤቱ ውስጥ፣ በደመቀች ማማሰያ። ማማሰያውን ፊት ይገፋል፤ መሃል ያመጣል፤ እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፤ አረፋ ይጠብቃል፤ ወደ ኋላ ይስባል። እንዲያውም አንድ ቀን ደመቀች መጥታ ከእጁ ነጠቀችው። «ሽሮው እያረረ ነው» አለችው። «እስኪበስል ድረስ አንተ ፎሌ ሁን።»

እናም ማክሰኞ ደረሰ።

ሰንበሌጥ ሜዳ ሲደርሱ በሁለቱም ዳርቻ ሰው እንደ ጥምቀት ተሰብስቧል። ማዶ ያሉት ትንንሽ ነጫጭ ነጥቦች ሆነው ይታያሉ፤ ጩኸታቸው ግን ውሃው ላይ እየተንሸራተተ ይደርሳል። ወገኔ አዲሱን ባርኔጣውን በክር አገጩ ሥር አስሮታል። ጋሽ ገብረ ጻድቅ ለጥምቀት ያሠራትን፣ ሚስቱ በእጇ የፈተለችላትን ጋቢ ደርቦ፣ ፈታኝ ስለሆነ ጀልባዋ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

አስናቀች የማርሽ ሳጥኑን ዘይት ለካች። ማንሻውን መሃል አድርጋ ዘንጉን በእጇ አዞረችው፤ ያለ ድምፅ ዞረ። ከዚያ ዘንጉ በጀልባዋ አካል አልፎ ወደ ውጭ የሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ጎንበስ አለች።

«ኧረ ውሃ እየገባ ነው!» አለ ጋሽ ገብረ ጻድቅ፣ እግሩን ወደ ላይ እየሰበሰበ።

«ይግባ፣ አባባ። ዘንጉ የሚጠጣው እሱን ነው። በደቂቃ ሦስት አራት ጠብታ ካላጠጣነው ይግላል፣ ይበላል። ጋሽ ወገኔ መጀመሪያ ጥርቅም አድርጎ አስሮት ሊያቃጥለው ነበር።»

«ታንከር ሲያንጠባጥብ ደስ አይለኝም!» አለ ወገኔ ከዳር ሆኖ።

«ዙሪያውን ያለው ምንድን ነው?» አለ ሽማግሌው።

«ሞራና ግራሶ የጠጣ ክር ነው። በዘንጉ ዙሪያ ይጠመጠማል፤ ውሃውን በልክ የሚያስገባው እሱ ነው። ያገኘሁት ግን የፋብሪካ ክር ሆነና ናይሎን አለበት፤ ሲግል ይቀልጣል። ትንሽ የእጅ ፈትል ጥጥ ባገኝ ዓመት አልነካውም ነበር። አሁን ይቀመጡ፣ አባባ። እስክንመለስ እንዳይነሡ።»

ዋሴ ሞተሩን አስነሣ። ዱ ዱ ዱ ሲል የጀልባዋ ብረት ከጫማው ሶል እስከ ጥርሱ ነዘረው። ሁለት ዓመት ያልሰማው ነገር ነው፤ በእጁ የያዘው ሞተር! ማንሻውን ፊት አስገባ፤ ነዳጅ ሰጠ፤ ዳርቻው ወደ ኋላ ሄደ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ደመቀች ከሁሉ ቀድማ እልል ማለቷን ዋሴ ለይቶ ሰምቷል፤ ማታ ግን ብትጠየቅ ‹ጉሮሮዬን ስጠርግ ነው› ነው የምትለው።

ማዶ በአሥር ደቂቃ ደረሱ። ሁለት ሰዓት የሚፈጀው መንገድ! ወደ ዳር ሲጠጉ ነዳጁን ቀነሰ፤ ማንሻውን መሃል አመጣ፤ እጁን አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አደረገ። አረፋው ፈላ፤ ቀዘቀዘ፤ ተከደነ። ኋላ ማርሽ፤ ቀስ ብሎ ነዳጅ። ጀልባዋ ዳሩን እንደ ትራስ ነካችው። ማዶኞቹ ሊያቅፉት ውሃ ውስጥ ገቡ።

«ማለፍህ የሚታወቀው ስትመለስ ነው!» አለ ጋሽ ገብረ ጻድቅ፤ ድምፁ ግን የፈታኝ ድምፅ መሆኑ እየቀረ ነበር።

ሲመለሱ የቀትሩ ነፋስ ተነሥቶ ነበር። ነፋሱ በቀኝ በኩል ይመታቸዋል፤ በግራ ደግሞ የግድቡ የድንጋይ ግንብ አለ። ዋሴ መሪውን ነፋሱን እየመከተ ያዘ። ወደቡ እየቀረበ መጣ። ሰዉ ጮኸ፤ አጨበጨበ፤ ሆ አለ። በዚህ ጊዜ ነው የኮሚቴው ሊቀመንበር፣ ሕግና ደንብ የሚያስከብረው ሰው፣ ራሱን መቆጣጠር ያቃተው። ከጀልባዋ ኋላ ብድግ አለና ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ እንደ ባንዲራ ያውለበልብ ጀመር።

«ሰንበሌጥ ሜዳ! ሰንበሌጥ ሜዳ ሆ!»

«አባባ፣ ይቀመጡ!»

ነፋሱ ጋቢዋን ተቀበላት። ከእጁ ላጥ አለች፤ አየር ላይ አንዴ ተዘረጋች፤ ከጀልባዋ ኋላ አረፋው ላይ አረፈች፤ ወዲያው እንደ ተጠራች ሁሉ ወደ ታች ገብታ ፕሮፔለሩ ላይ ተጠመጠመች።

የሞተሩ ድምፅ ታፈነ። ዱ ዱ የሚለው ግ ግ ግ ማለት ጀመረ። ማንሻው በዋሴ መዳፍ ሥር እንደ ተያዘ ዶሮ ተንፈራገጠ፤ ዘንጉ አቃሰተ፤ የጀልባዋ ፊት ወደ ግራ፣ ወደ ግንቡ ዞረ። ግንቡ ከሃምሳ ክንድ አይበልጥም።

የዋሴ አካል በሙሉ ያወቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በማርሽ ያዛት! ኋላ ማርሽ አስገባና ያዛት! ሰላሳ ዓመት ጣርማ በር በአንድ ወገን፣ ስድስት ቀን የደመቀች ማማሰያ በሌላ ወገን ሆነው እጁ ላይ ተጓተቱ።

«ፎሌ!» ብላ ጮኸች አስናቀች። «ፎሌ በል! አንተ! ፎሌ!»

ዋሴ ዓይኑን ጨፈነና ማንሻውን መሃል አመጣው። ሞተሩን አጠፋ። እጁን አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

ጸጥ አለ። ሰላሳ ዓመት ሲያወግዘው የኖረው ነገር ውስጥ ነው ያለው፤ ያለ ማርሽ፣ ያለ ሞተር፣ ነፋስ እየገፋው ወደ ድንጋይ። በዳር ወገኔ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል። ዋሴ ዓይኑን ሲገልጥ ግን አንድ ነገር ታወቀው፤ ጀልባዋ የጣርማ በር አይሱዙ አይደለችም፤ ቁልቁለት የላትም። እየሄደች ያለችው እንደ በሬ በዝግታ ነው። ጊዜ አለው!

«ጋሽ ገብረ ጻድቅ! አጣናውን ይያዙ! ግንቡን ይግፉ!»

ፈታኙ ረዳት ሆነ። ከጀልባዋ ወለል ረጅሙን የባሕር ዛፍ አጣና አንሥቶ፣ በሸሚዙ ብቻ፣ ግንቡ ላይ ተክሎ ገፋ። አስናቀች ከኋላ በሆዷ ተኝታ እስከ ብብቷ ውርጭ በመሰለው ውሃ ውስጥ ገብታለች።

«ያዝኳት! ጫፏን ይዣታለሁ። ዘንጉን በእጅዎ ወደ ኋላ ያዙሩልኝ፤ ቀስ ብለው!»

ዋሴ በዚያ በታመመ ጉልበቱ ተንበርክኮ ዘንጉን በሁለት መዳፉ ጨበጠ። ፎሌ ላይ ስለሆነ ዘንጉ ነጻ ነው፤ ዞረለት። አንድ ዙር፤ እሷ ሳበች። ሁለት ዙር፤ እሷ ሳበች። ዋሴ መሳቅ ጀመረ።

«ምን ያስቅዎታል?»

«ኋላ ማርሽ አስገብቼ ቢሆን ኖሮ...»

«ጋቢውም ሳጥኑም አንድ ላይ ይፈተሉ ነበር። ያዙሩ!»

በሰባተኛው ዙር ጋቢዋ ወጣች። ጋቢ መሆኗን የሚመሰክር ጥለቷ ብቻ ነው፤ የቀረው ተቀዶ፣ ተጠምዝዞ፣ በግራሶ ጠቁሮ ነበር። ዋሴ ብሎኖቹን በጣቱ ዳሰሰ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሞተሩን አስነሣ። ጆሮውን ሰጠ፤ በሩ ላይ ተቀምጦ ሁለት ዓመት ያሠለጠነውን ጆሮ። ዱ ዱ ዱ። ንጹሕ ነው። ማንሻውን ፊት አስገባ፤ ዘንጉ ያለ ቅሬታ ዞረ።

ሕዝቡ ፈነዳ።

ወደቡ ሲቀርብ ዋሴ ነዳጁን ቀነሰ። መሃል አመጣው። እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ፤ ይህን ጊዜ ከአስፈላጊው በላይ ከፍ አድርጎ፣ ሰዉ ሁሉ እንዲያይለት። አረፋው ተከደነ። ኋላ ማርሽ። ጀልባዋ ድንጋዩን እንደ ተኛ ሕፃን ነክታ ቆመች።

ጋሽ ገብረ ጻድቅ እየተንቀጠቀጠ ወረደ። ደመቀች ሮጣ የራሷን ፎጣ ደረበችለት፤ አበባ ያለበት ነው። ሁሉም አፉን እያየ ነው። እሱ የተቀዳደደችውን ጋቢውን አየ፤ ዋሴን አየ፤ ደግሞ ጋቢውን አየ።

«አንዲት ነገር ከሰበርክ ብዬ ነበር» አለ።

«ብለዋል» አለ ዋሴ።

«የተሰበረ ነገር አለ?»

«የለም» አለች አስናቀች፣ በብርድ የደነዘዘ ክንዷን እያሻሸች። «የተቀደደ እንጂ የተሰበረ የለም። የቀደደውም ጋሼ ዋሴ አይደለም።»

ሽማግሌው ዙሪያውን ቃኘ። ቆሞ ያውለበለበው ማን እንደሆነ ሁለቱም ዳርቻ አይቷል፤ የሚክድበት ቦታ አልነበረም።

«እንግዲህ» አለ በዝግታ፣ «ፈታኙ ወድቋል፤ ተፈታኙ አልፏል። መሪው የዋሴ ነው። ሞተሩ የአስናቀች ነው፤ ከነገ ጀምሮ የኮሚቴው ሠራተኛ ናት። በጀልባዋም ውስጥ ቆሞ የተገኘ ሰው፣ እኔም ብሆን፣ በእግሩ ይዞራል።»

ዋሴ ሊያቅፈው ሄዶ በታመመ ጉልበቱ ተደናቅፎ ተጠመጠመበት። ወገኔ አዲሱን ባርኔጣ ወደ ላይ ወረወረ፤ ክሩን መፍታቱን ረስቶ ነበርና አገጩን ላጠው።

ግርግሩ በረድ ሲል ዋሴ ወደ አስናቀች ዞረ። «አንቺ፣ ቅድም ‹አንተ› ብለሽኛል።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ። ‹እርስዎ› እስክል ግንቡ ይደርስ ነበር።»

«ግዴለም። ውሃ ላይ እንደሱ በይኝ። የብስ ላይ ግን ጋሼ ነኝ።»

በማግሥቱ ጠዋት ዋሴ ሲመጣ አስናቀችን ከጀልባዋ ኋላ ተቀምጣ አገኛት። የተቀደደችውን ጋቢ ተርትራ፣ ፈትሉን ለያይታ፣ አጥባ፣ በሦስት በሦስቱ ገምዳ፣ የቀለጠ ሞራና ግራሶ ውስጥ ነክራ ነበር። የፋብሪካውን ክር ከዘንጉ ዙሪያ አውጥታ ይህን ጠመጠመችበት፤ ማሰሪያውን በልክ አጠበቀች፤ ጎንበስ ብላ ቆጠረች። ሦስት ጠብታ በደቂቃ።

አሁን የዋሴ ወንበር ከበሩ ላይ ተነሥቷል። ሰፈሩም በፊተኛው መንገድ መሄድ ጀምሯል። ጋሽ ገብረ ጻድቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ማዶ ሲሻገር ገና እንደገባ ይቀመጣል፤ ከዚያ አንገቱን ወደ ዘንጉ ሰገግ ያደርግና ይጠይቃል።

«ጋቢዬ እንዴት አደረች?»

«ደህና ናት፣ ጋሽ ገብረ ጻድቅ» ይላል ዋሴ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ። «ጠብ ጠብ እያለች ነው።»